የሙጪት ድርሻ

ማጭዳችሁን መሬት አድርጉና ተቀመጡ። ጤዛው ገና አልደረቀም። እርጥብ ጓሳ አጭዶ የከመረ ሰው ሣር ሳይሆን ሻጋታ ነው ቤቱ የሚያገባው። ፀሐይዋ ከዚያ ጉብታ በላይ እስክትወጣ አንድ ነገር ላውራችሁ። ደስ የሚል ነገር አይደለም። ግን የተከለለው ሜዳ ለአጨዳ በተከፈተ ቁጥር ይህ ሳይነገር ማጭድ እንዳይነሣ አባቶቻችን አዘዋል። ዘንድሮ የመናገሩ ተራ የደረሰው እኔን ነው።

ድሮ ነው። በየአፋፉ የሚበቅለው ጅብራ ከሰው በሚበዛበት፣ ደመናው ከጣራ በማይርቅበት ዘመን ነው። ያየው ለሰማው ነገረ፣ የሰማው ለአባቴ ነገረ፣ አባቴ ለእኔ ነገረኝ።

በዚያ ዘመን ይህች መንደራችን ጅብራ አፋፍ አርባ ቤት፣ አርባ ጭስ ነበረች። ጭቃ ሹሟ አንዳርጌ ይባል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በዚህ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ለመናገርም ይቀል ነበር።

አንድ ክረምት አንዲት ሴት ወደ መንደሩ መጣች። በጀርባዋ የገመድ ጥቅል፣ በእጇ ማጭድ ይዛለች። ስሟ ሙጪት ነው። ባሏ ወታደር ነበር፤ መንገድ ላይ በንዳድ ሞተባት። የት እንደቀበረችው እንጂ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። አንዳርጌ አዘነላትና ከመንደሩ ጫፍ፣ ጓሳው ከሚጀምርበት፣ አንዲት ባዶ የጥጃ ቤት ሰጣት።

“ክረምቱን እደሪባት” አላት።

ክረምቱ አለፈ። ሂጂ ያላት የለም፤ ኑሪ ያላትም የለም። እንዲሁ ኖረች።

ሥራዋ ገመድ ነው። ጓሳ ታጭዳለች፣ ታደርቃለች፣ የገመዱን ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት ይዛ ትገምዳለች። የጅብራ አፋፍ ሰው በሬውን የሚያስረው፣ ጣራውን የሚጠፍረው፣ ሬሳውን በቃሬዛ ላይ የሚያስረው በሙጪት ገመድ ነበር። ለገመዱ ገብስ ይሰፍሩላታል፣ አንዳንዴም ባቄላ። ግን ጭስ ሲቆጠር፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት አርባ ነበር፤ ከመጣችም በኋላ አርባ ነው። የጥጃ ቤት ጭስ አይቆጠርም።

አሁን ስለ አበባው ልንገራችሁ። ታውቁታላችሁ። በክረምቱ ማብቂያ ከጓሳው መሐል ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንድ አገዳ፣ ከታች ሁለት ሦስት ሰፋፊ ቅጠል፣ ከላይ እንደ ገብስ ዛላ የተደረደረ ነጣ ያለ አበባ፣ ከንፈሩ ቀላ ያለ። ያን ጊዜ ስም አልነበረውም። እናት-ልጅ ብላ ስም ያወጣችለት ሙጪት ናት። ለምን እንዲያ እንዳለችው የሚያውቀው የቆፈረ ነው። ከሥሩ ሁለት ድቡልቡል ነገር አለ። አንዱ ጠቆር ያለ ነው፤ እንደ አሮጊት ጉንጭ የተሸበሸበ፣ ሲጫኑት የሚሰረጉድ። እናቲቱ ናት። የዘንድሮውን አበባ ያበላችው እሷ ናት። ሌላው ነጭና ድፍን ነው። ልጅቱ ናት፤ የከርሞው አበባ ያለው በእሷ ውስጥ ነው። እናቲቱ እያበላች ትከሳለች፣ ልጅቱ እየበላች ትወፍራለች። እናቲቱን ብትወስድ ሜዳው አያውቅብህም። ልጅቱን ብትወስድ ግን ለከርሞ የለም።

ሙጪት ይህን ከማን እንደተማረች አልተናገረችም። ጠይቋት የሚያውቅ ሰውም የለም።

መጀመሪያ የሕፃኗ ሕመም መጣ። አንዳርጌ ስንዱ የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረችው። ተቅማጥ ያዛት። ጠበል ተረጨች፣ አልቆመም። ምሕላ ተያዘ፣ አልቆመም። ስምንት ቀን ሆናት፤ ዓይኗ ጎደጎደ፣ ቆዳዋ ሲይዙት እንደተያዘ ይቀር ጀመር። እናቷ አልጣሽ የመገነዣ ጨርቅ አወጣች።

ሙጪት ገመድ ልታደርስ መጥታ ከደጅ ቆማ ነበር። ለቅሶውን ሰማች። ገመዱን መሬት ጣለችና ወደ ሜዳው ሄደች። ስትመለስ ነጠላዋ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ ሥር ይዛለች፤ ሁሉም እናቲቱ ነው። ቀቀለችና ውሃውን ደፋች። ወቀጠች። እንደገና በወተት አፈላችው፣ እንደ ተልባ እስኪዝለገለግ ድረስ። ከዚያ ሕፃኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቷ እየጨለፈች አላሰቻት። ቀኑን ሙሉ አላሰቻት። በማግሥቱ ስንዱ አለቀሰች፤ እንባም ወጣት። ሳምንት ሙሉ ስታለቅስ እንባ ያልወጣት ልጅ ናት። በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠየቀች።

አልጣሽ የሙጪትን ጉልበት ሳመች። አንዳርጌ አንድ የበግ አጎዛ ሰጣት።

አንድ ሳምንት ያህል ሙጪት በጅብራ አፋፍ ሰው ሆነች። ከዚያ አንዲት ሴት ምንጩ ዳር እንስራዋን እየሞላች፣ “የሚያድነውን ሥር የሚያውቅ የሚገድለውንም ያውቃል” አለች። ማን እንዳለችው አይታወቅም። ሁሉም ከሌላው ሰማሁ ነው የሚለው። ብቻ ቃሉ ከምንጩ ወደ መንደር ወጣ፣ መንደር ገብቶም አልወጣም። ሥር ማሽ አሏት። ስታልፍ ወተታቸውን ይከድኑ ጀመር። የሚጠባ ልጅ የያዘች ሴት ነጠላዋን ታለብሰው ጀመር። አልጣሽም ስንዱን ትሸፍናት ነበር። ያቺኑ ስንዱን።

ልጅ ሲታመም ግን በጓሮ በኩል ይመጣሉ። “ያን ነገር” ይሏታል እንጂ በስሙ አይጠሩትም። ሙጪትም አንዳቸውንም አልመለሰችም። ትሄዳለች፣ ትቆፍራለች፣ እናቲቱን ትወስዳለች፣ ልጅቱን ትመልሳለች፣ አፈሩን በተረከዟ ትጫናለች።

ከጥጃ ቤቱ አጠገብ ተዋበች የምትባል ባለትዳር ነበረች፤ የሦስት ልጆች እናት። አንድ ቀን፣ “እትዬ ሙጪት፣ እንዲህ እያሙሽ ለምን ትሰጫቸዋለሽ?” ብላ ጠየቀቻት።

ሙጪት ከገመዷ ቀና ሳትል፣ “የሚያሙኝ እናቶቹ ናቸው፤ የሚታመሙት ልጆቹ” አለች።

ቀጥሎ ራብ መጣ። በጥቅምት፣ ገብሱ እንዳሸተ፣ ውርጭ መታው። ሦስት ጠዋት በተከታታይ ማሳው ነጭ ለብሶ ተገኘ። ሲያጭዱት ገለባ ነው፤ ሲወቁት ገለባ ነው። እስከ ታኅሣሥ ጎተራው ተጠረገ። ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተሰብስቦ ምን ይሻላል ሲባባል፣ ሙጪት ከሴቶቹም ኋላ ቆማ ነበር።

“ጌታዬ፣ መሬቱ ውስጥ የሚበላ አለ” አለች።

አንዳርጌ ዞር ብሎ አያት። “ሥር ነው?”

“ሥር ነው። ስንዱ የበላችው።”

ብዙ ሰው መሬት መሬት አየ። አንዳርጌም “አሳዪን” አላት።

አሳየቻቸው። ሜዳው ላይ የደረቀውን አገዳ እየተከተለች በመቆፈሪያ ታነሣለች። “ይቺ እናቲቱ ናት። ትመራለች፤ ሁለት ጊዜ ቀቅላችሁ ውሃዋን ድፉ። ይቺ ልጅቱ ናት። መልሷት። አፈሩን ተጫኑላት።” እየዞረች ለአርባው ጭስ ሴቶች በሙሉ እንዲሁ አለች። እናቲቱን ውሰዱ፣ ልጅቱን መልሱ፣ አፈሩን ተጫኑ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አደረጉ። ማንም አልጠገበም፤ ማንም አልሞተም። ግን እናቲቱ ትንሽ ናት፤ አንድ ቁና ለመሙላት ከጠዋት እስከ ማታ መጎንበስ ነው። ልጅቱ ወፍራም ናት፣ አትመርም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትቀቀላለች። አንድ ቀን አልጣሽ ልጅቱን ወደ ቅርጫቷ ጣለች። አጠገቧ ያለችው አየች፤ እሷም ጣለች። ቀጣይዋ አየች፤ እሷም ጣለች። ቀትር ሳይሆን የሜዳው ሴት ሁሉ ሁለቱንም ይጥል ነበር። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ሁሉም አይቷል፤ ሁሉም እንዳላየ ሆኗል።

ሙጪት ከአንዷ ወደ አንዷ ሄደች። ለመነች። የሚሰማት ስታጣ አንዳርጌ ቤት ሄደች።

“አያ አንዳርጌ፣ ሴቶቹ የከርሞውን እየበሉ ነው።”

“ዘንድሮን ያላለፈ ሰው ከርሞን ምን ያደርገዋል?”

“ጥቂት በጥቂት ከሆነ እስከ በልግ ያደርሳል። አስቤዋለሁ፤ ሜዳውን እግሬ ያውቀዋል።”

“ሜዳው የማን ነው?” አላት።

“የእግዜር።”

“ከእግዜር በታችስ?”

ሙጪት ወደ ሜዳው ዞራ አየች።

“ከእግዜር በታች የአርባው ጭስ ነው” አለ አንዳርጌ። “አንቺ ጭስ የለሽም። ጭስ የሌለው ሰው በሜዳው አያዝም።”

የተናገረው በቁጣ አይደለም። ደክሞት ነበር፤ ጠዋት ከተቀቀለች አንዲት ጭብጥ ሥር በቀር አልቀመሰም። ሕጉም እንደዚያው ነው፤ አልዋሸም።

በማግሥቱ ሙጪት ከሜዳው መግቢያ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። ማንም አይገባም አለች። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ቆሙ። ደምሴ የሚባል የአንዳርጌ ወንድም መጣና “ዞር በይ” አላት። አልዞረችም። ገፋት። ወደ ኋላ ስትሄድ ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ ዳሌዋ ሲሰበር በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ሰማው። ደምሴ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን “አልመታኋትም፣ ገፋ ነው ያደረግኋት” ሲል ኖሯል። እውነቱን ነው። ሴቶቹ ግን በወደቀችበት በአጠገቧ እያለፉ ገቡ። ተዋበችና ባሏ ናቸው ተሸክመው ቤቷ ያስገቧት።

እስከ መጋቢት ሜዳው ተፈንቅሎ እንደ እርሻ ሆነ። የበልግ ዝናብ ትንሽ ገብስ ሰጠና ሰው ትንፋሽ አገኘ። ሙጪት በዱላ መሄድ ስትጀምር ግራ እግሯን እየጎተተች በተፈነቀለው አፈር ላይ ትዞር ነበር። ሰዎቹ ትናንሽ ናቸው ብለው የጣሏቸውን፣ ከአተር የማይበልጡትን ልጅቶች ትለቅማለች። ሲያዩዋት “አእምሮዋን ነካት” ይሉ ነበር። በአቁማዳ አድርጋ ወዴት እንደምትወስዳቸው የተከተላት የለም።

መስከረም መጣ። ሜዳው ላይ አንድም አበባ አልወጣም። ጓሳ ብቻ።

በዚያ ዓመት ደግሞ በረዶ ጣለ። ገብሱ ቁመቱን ሳይጨርስ ከመሬት ጋር ተላጨ። ራቡ ባለፈው ላይ መጣ፤ ባዶ ሆድ ላይ መጣ። ቆላ የወረደው ወረደ፣ የሞተው ሞተ። በጥር አርባው ጭስ ሃያ ሰባት ሆነ።

የተዋበች ልጆች ግን አልሞቱም። ሙጪት በየማለዳው ዱላዋን ተደግፋ፣ ገመድ ተሸክማ ወደ ገደሉ ትሄዳለች። ስትመለስ ከያዘችው እናቲቱን ከፍላ ለተዋበች ልጆች ትሰጣለች። ከየት እንደሆነ ተዋበች አልጠየቀችም። መጠየቅ ያለውን እንዳያጠፋባት ፈራች። በኋላ የወንድሟ ሁለት ልጆች በአንድ ሳምንት ሲሞቱ ግን አልቻለችም። ተከትላ አየች። ከገደሉ አፋፍ በታች፣ ከብት የማይደርስበት፣ ሰው የማያስበው ሰፊ እርከን አለ። እርከኑ በደረቀ የአበባ አገዳ ተሞልቷል። ገሚሱ ከጥንት የበቀለ ነው፤ ገሚሱ ሙጪት የተከለችው። ሙጪት ገመዷን በቋጥኝ አስራ፣ ባንድ እግሯ እየረገጠች፣ በክንዷ ነበር የምትወርደው።

ተዋበች ለአንዳርጌ ነገረችው። ያችን ሰዓት ማንም ቢሆን ይነግር ነበር።

አንዳርጌ ሽማግሌዎቹን ይዞ ጥጃ ቤቱ ደጅ ቆመ። እግሩ በራብ አብጧል።

“ደበቅሽን” አላት።

“አልደበቅሁም። አልጠየቃችሁኝም።”

“ይኸው ጠየቅንሽ።”

ሙጪት እግሩን አየች። ለረጅም ጊዜ አየችው። በልቧ የነበረውን አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። “ማሉልኝ” አለች።

መምሬ ክንፉ መስቀል ይዘው መጡ። በገደሉ አፋፍ ላይ ሃያ ሰባቱ ጭስ በሙሉ ቆመ። ልጅቱን የነካ ውጉዝ ይሁን ተባለ። ከማለዳው መውረጃ ውጪ፣ ለብቻው የወረደ ውጉዝ ይሁን ተባለ። መስቀሉን ተሳልማ መጀመሪያ የማለችው ሙጪት ናት። ከዚያ ሌላው ሁሉ ማለ።

በዚህ ጊዜ መሐላቸውን ጠበቁ፤ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። በየማለዳው ቀለል ያሉ አራት ሰዎች በሙጪት ገመድ ይወርዳሉ፣ እናቲቱን ይለቅማሉ፣ ልጅቱን ይመልሳሉ፣ አፈሩን ይጫናሉ፣ ይወጣሉ። የለቀሙት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይወሰዳል። እዚያ በቁርበት ላይ ሃያ ሰባት ቦታ ይከፈላል፤ በየጭሱ። ሙጪት አፋፉ ላይ ተቀምጣ ገመዱ ከድንጋይ የሚፋተግበትን ትጠብቃለች፤ የላላውን ታጠብቃለች፣ የተበላውን ትተካለች። ሰዎቹ ወጥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሄዱ እሷ እግሯን እየጎተተች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው፤ አትደርስበትም።

በመጀመሪያው ቀን አንዳርጌ ቁርበቱን አየና “የሙጪትስ?” አለ።

“ከእኛ እልክላታለሁ” አለች አልጣሽ። ላከችም። ያን ቀን ላከች።

በሁለተኛው ቀን ስንዱን ትኩሳት ያዛትና አልጣሽ አልወጣችም። ተዋበች ጎረቤቷ አይደለች፣ ትሰጣታለች አለች በልቧ። ተዋበች ደግሞ የሚወርዱት እዚያው አፋፉ ላይ ይሰጧታል አለች። የሚወርዱት መምሬ ከቅጥሩ ያስቀሩላታል አሉ። መምሬ ክንፉ “የሙጪትስ?” የሚለውን የአንዳርጌን ቃል በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ጭቃ ሹሙ ይዞታል አሉ። አንዳርጌ ሚስቴ ይዛዋለች አለ። ሦስተኛው ቀን እንዲሁ ሄደ። አራተኛውም እንዲሁ። ማንም ከለከላት አይባልም። ማንም ግን አልሰጣትም።

መክሳቷን አላዩም ወይ ትላላችሁ። ሁሉም ከሲታ ነው። በከሲታ መሐል ከሲታ አይታይም።

ለምን አልጠየቀችም ትላላችሁ። አንድ ጊዜ ጠይቃለች። በዘጠነኛው ቀን ተዋበች ድርሻዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ሙጪት ደጇ ላይ ተቀምጣ ነበር።

“ተዋቡ፣ ዛሬ ድርሻ ተከፈለ?” አለቻት።

“አዎ እትዬ፣ ተከፈለ፤ እግዜር ይስጥሽ” አለች ተዋበች። ሙጪት ለእሷ አስባ የጠየቀቻት መስሏት ነው ያለችው። ልጆቿ እየጠበቋት ነበርና አልፋት ገባች።

ሙጪት ሌላ አልጠየቀችም። ብቻዋን ወርዳ እንዳትለቅም መሐላው የራሷ ነው። በአሥራ አራተኛው ቀን አፋፉ ላይ አልመጣችም። የሚወርዱት ገመዱን ራሳቸው አስረው ወረዱ። በአሥራ አምስተኛውም ወረዱ። በአሥራ ስድስተኛው አንዱ ገመድ ሲላላ ታጥብቀው ብለው ወደ ቤቷ ሄዱ። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ገመድ በእግሯ አውራ ጣት ላይ ታስሯል፤ ግማሹ የተገመደ፣ ግማሹ ያልተገመደ።

ያጠቧት አልጣሽና ተዋበች ናቸው። ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል። ተዋበች ውሃ ልታሞቅ ድስቷን ብታነሣ ውስጡ ሸረሪት አድርቶበታል። ድስቱን ይዛ ቆመች።

“አንቺ ስትሰጫት አልነበረም?” አለች አልጣሽ።

“እኔ አንቺ መስለሽኝ።”

“እኔ እኮ አንቺ መስለሽኝ ነው።”

ቃሉ ከዚያች ቤት ወጥቶ መንደሩን ዞረ። እኔ አንተ መስለህኝ። እኔ መምሬ መስለውኝ። እኔ ጭቃ ሹሙ መስሎኝ። አንዳርጌ ሲሰማ ካለበት መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት ሰዎች ናቸው ያነሡት። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የቅጥሩን ዳገት ያልወጣችውን ሴት ተሸክመው አወጧት። ሌላ ገመድ ስላልነበር በቃሬዛው ላይ ያሰሯት በራሷ ገመድ ነው። ተዝካር ወጣላት፤ ያለችውን ሥር ሁሉም አዋጥቶ። ለተዝካሯ የተዋጣው በሕይወት ብትበላው ለአንድ ወር ይበቃት ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያ ራብ አንድም ሰው አልሞተም። በልጉ ዘነበ፤ ገብሱ ደረሰ፤ ሃያ ሰባቱም ጭስ ተረፈ። በሰባተኛው ዓመት ነፋሱ ከእርከኑ ዘሩን አምጥቶ ነው መሰል፣ ሜዳው ላይ እናት-ልጅ ድጋሚ አበበ። እኔ የተዋበች ልጅ የልጅ ልጅ ነኝ። ሙጪት ለተዋበች ልጆች ያካፈለችው ባይኖር ኖሮ እዚህ ተቀምጬ አላወራችሁም።

አንዳርጌ ከመሞቱ በፊት ደነገገ። በጅብራ አፋፍ ጭስ ሲቆጠር የሙጪት ጭስ አብሮ ይቆጠር አለ። ሥር የቆፈረ ሁሉ ልጅቱን ሲመልስ ስሟን ይጥራ አለ። ሜዳው ሲከፈትና ለየጭሱ ሲከፈል፣ ከመግቢያው ያለው የመጀመሪያው ቁራጭ የእሷ ይሁን፣ ማጭድ አይንካው አለ። እስከ ዛሬ ማጭድ ነክቶት አያውቅም። አባባሉም ከዚያ የመጣ ነው። አንድን ነገር ሁሉም ሌላው ሠራው ብሎ ሳይሠራ ሲቀር፣ “ለሙጪት ሰጥተናታል” እንላለን። እንስቅበታለን እንኳ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተው። ባለፈው ሜዳው ሲከፈት ከእናንተ ገሚሳችሁ ነበራችሁ። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት መጣች፤ ከቆላ የመጣች፣ እዚያ ከወፍጮው ኋላ በፈረሰው ጎጆ ያደረች። ጣራዋ እንደሚያፈስ ነገረችንና ጥቂት ነዶ ጓሳ ለመነችን። ለየጭሱ ተከፍሎ አልቋል አልናት። ያልታጨደውን ቁራጭ አሳየችን።

“እሱስ?”

“እሱ የሙጪት ነው” አልናት።

“ሙጪት የት ናት? ሄጄ ልለምናት” አለች።

ሽማግሌዎቹ እኔን አዩኝ። እኔም እነሱን አየኋቸው። አንዳችን ይመልስላታል ብለን ቆመን ሳለ ልጇን በጀርባዋ አስተካክላ ሄደች። ክረምቱ ገባ። ጓሳው በቆመበት በሰበሰ። ስሟን የጠየቀ ሰው አልነበረም።